ነጭ ሽንኩርትና የሰባ ጉበት፦ ማስረጃው ምን ያህል ይመዝናል?

ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለሕዝብ ክፍት በሆነ ትምህርታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእስ ከወጥ ቤት የተነሣ ስለሆነ ለዚህ አዳራሽ ቀላል ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በየሕክምና ክፍሉ በተደጋጋሚ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ሰው ለሐሞት ጠጠር ወይም ለሆድ ቁርጠት አልትራሳውንድ ይነሣል፤ ውጤቱ ላይ «ጉበቱ ስብ አለው» የሚል መሥመር ይገኛል። ሐኪሙ «ክብደት ቀንስ» ብሎ ያሰናብተዋል። ቤቱ ሲገባ ግን ዘመድ ወዳጁ የተሻለ የሚመስል ምክር ይዞ ይጠብቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር። ክብደት መቀነስ ዓመት የሚፈጅ ትግል ሲሆን ነጭ ሽንኩርቱ ግን ጓዳ ውስጥ አለ። ምርጫው ወደየት እንደሚያዘነብል መገመት አያዳግትም።

ይህን ምክር ማጣጣል ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላጣጥለውም። ነጭ ሽንኩርት በጉበት ስብ ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ የሚጠቁም፣ በሰዎች ላይ በሥርዓት የተሠራ ማስረጃ አለ። ችግሩ ሌላ ነው። ማስረጃው የተሰበሰበው ስለ ደረቅ ዱቄት ክኒን፣ ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ የለካውም ስቡን እንጂ ጠባሳውን አይደለም። በማስረጃውና በምክሩ መካከል ያለው ርቀት ነው ዛሬ ሊያነጋግረን የሚገባው።

በቅድሚያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። ጤናማ ጉበትም ጥቂት ስብ አያጣም። ከጉበት ሕዋሳት መካከል ከመቶ አምስት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት የስብ ጠብታ ቋጥረው ሲገኙ ግን ጉበቱ ሰብቷል እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቹ መጠጥ በማያዘወትሩ ሰዎች ጉበት ላይ ልክ የጠጪን ጉበት የሚመስል ጉዳት ማየታቸውን ጻፉ፤ ሕመሙም ለአርባ ዓመታት ያህል «ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ» እየተባለ ባልሆነው ነገር ሲጠራ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓለም አቀፍ የጉበት ማኅበራት ተስማምተው «ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ» የሚል ስም ሰጡት። ስሙ መለወጡ ተገቢ ነበር ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ምክንያቱ ከስኳር ሕመም፣ ከውፍረትና ከደም ግፊት ሠፈር መሆኑን ይናገራል። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ቢያንስ ከአራት አንዱ ይህ ሁኔታ እንዳለበት ይገመታል።

ይህ ስብ ከወዴት ይመጣል? ብዙ ሰው «ከበላሁት ቅቤ» ብሎ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ አንድ ረቂቅ ጥናት በዘጠኝ ሕሙማን ላይ ምልክት የተደረገባቸውን አተሞች በመከታተል ጥያቄውን በቁጥር መልሶታል። በጉበታቸው ከተገኘው ስብ 59 በመቶው ከሰውነት የስብ ክምችት ተነሥቶ በደም የመጣ ነበር። 26 በመቶውን ጉበቱ ራሱ ከስኳርና ከመሳሰሉት ሠርቶታል። ከምግብ ስብ በቀጥታ የመጣው 15 በመቶው ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ሥዕሉ ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት ጋር የሚስማማ ስለሆነ ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። ቅቤ የማይነካ ጿሚ፣ በስኳር የጣፈጠ ሻይ ደጋግሞ እየጠጣ ወገቡ ከሰፋ፣ ጉበቱ ሊሰባ እንደሚችል የሚያስረዳውም ይኸው ነው።

ክብደት መቀነስ የሚሠራው ትልቁን ምንጭ፣ የ59 በመቶውን፣ ስለሚያደርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ የኩባ ጥናት 293 ሕሙማን ለ52 ሳምንታት አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን እንዲያስተካክሉ ተደረገ። ከሰውነት ክብደታቸው አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ዘጠና በመቶው የጉበት ብግነታቸው ጠፍቶ ተገኘ። እንዲህ ያለ ውጤት የሚሰጥ መድኃኒት ቢገኝ ዓለም ያጨበጭብለት ነበር። ነገር ግን ያንን ያህል መቀነስ የቻለው ከአሥሩ ተሳታፊ አንዱ ብቻ ነው። ሰዎች ወደ ነጭ ሽንኩርት የሚሸሹት ከስንፍና ብቻ ነው የሚሉ ባልደረቦቼ ይህን ሁለተኛ ቁጥር ቢያስታውሱ መልካም ነው።

አሁን ወደ ሙቀጫው እንምጣ። ነጭ ሽንኩርት ሳይነካ ሲቀመጥ አይሸትም። ሽታውን የሚሰጠው ንጥረ ነገር፣ አሊሲን፣ ባልተቀጠቀጠ ፍሬ ውስጥ የለምና። ያለው አሊን የሚባል ሽታ አልባ ውሕድ ነው፤ አሊኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ በዚያው ፍሬ ውስጥ፣ በተለየ ክፍል ተዘግቶ ይቀመጣል። ዘነዘናው ሲያርፍበት፣ ቢላዋ ሲከትፈው ወይም ጥርስ ሲያኝከው ግድግዳው ይፈርስና ሁለቱ ይገናኛሉ፤ አሊሲን በሴኮንዶች ውስጥ ይወለዳል። አሊሲንን እ.ኤ.አ. በ1944 ለይተው ያወጡት ቼስተር ካቫሊቶና ጆን ቤይሊ ናቸው፤ እናቲቱን ውሕድ አሊንን ጥቂት ዓመታት ቆይተው ስዊዘርላንድ ውስጥ ስቶልና ሴቤክ አገኙት።

አሊሲንም አይረጋም። ዘይት ውስጥ ሲገባ ወደ አንድ ዓይነት ውሕዶች፣ ሲሞቅ ወደ ሌላ፣ ለወራት በአልኮል ሲዘፈዘፍ ወደ ሌላ ይለወጣል። ከተበላ በኋላ ደግሞ በደም ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም፤ ብዙ ነጭ ሽንኩርት በበላ ሰው ደም ውስጥ እንኳ አሊሲን ራሱ አልታየም፤ የሚገኘው በትንፋሽ የሚወጣ ዝርያው ነው። ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ። በሣህን ላይ ባደጉ የጉበት ሕዋሳት ላይ አሊሲን አፍስሶ «ስብ ቀነሰ» የሚል ጽሑፍ ስታነቡ፣ ጉበት በእውነተኛ ሕይወት የማያገኘውን ነገር ተሰጥቶ እየተመሰከረበት ሊሆን ይችላል።

ኢንዛይሙ ሁለት ጠላቶች አሉት፤ ሙቀትና አሲድ። ሳይቀጠቀጥ የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት ኢንዛይሙ ስለሚሞት አሊሲን የመሥራት አቅሙ እጅግ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ባዶ አይሆንም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ነጭ ሽንኩርት በማይክሮዌቭ ለ60 ሴኮንድ ሲሞቅ ካንሰርን የመከላከል ውጤቱ እንደጠፋ፣ ከተቀጠቀጠ በኋላ አሥር ደቂቃ አርፎ ሲሞቅ ግን ከፊሉ እንደተረፈ አሳይቷል። የጥናቱ ጉዳይ ካንሰር እንጂ ጉበት አልነበረም፤ የኢንዛይሙ ነገር ግን አንድ ነው። የሆድ አሲድም ኢንዛይሙን ያከሽፋል፤ አንዳንድ ክኒን አምራቾች አሲድ በማይፈታው ሽፋን የሚጠቀልሉት ለዚህ ነው።

ይህን ወደ እኛ ወጥ ቤት ስናመጣው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ቁሌቱ ላይ ተጨምሮ ከበርበሬ ጋር ለረጅም ጊዜ የሚበስለው ነጭ ሽንኩርትና ጥሬውን በዳጣ ተፈጭቶ የሚቀርበው ነጭ ሽንኩርት በስም አንድ ቢሆኑም በኬሚስትሪ ሁለት ምግቦች ናቸው። በማር የተዘፈዘፈው ሦስተኛ ነው። ክኒኑ አራተኛ። «ነጭ ሽንኩርት ለጉበት ይጠቅማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «የትኛው?» የሚል ተከታይ ከሌለው መልስ የለውም።

በሰዎች ላይ የተሠሩትን ሙከራዎች እንመልከት። ዋና ዋናዎቹ ሁለቱ ኢራን ውስጥ ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ2020 የታተሙ ናቸው። በአንደኛው 110 የሰባ ጉበት ያለባቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በቀን 800 ሚሊግራም የነጭ ሽንኩርት ዱቄት በክኒን መልክ፣ ግማሾቹ ፕላሴቦ ለ15 ሳምንታት ወሰዱ። በፍጻሜው ነጭ ሽንኩርት ከወሰዱት ግማሽ ያህሉ፣ 51 በመቶ፣ የጉበት ስባቸው ደረጃ ሲሻሻል ከፕላሴቦው ቡድን የተሻሻለላቸው 16 በመቶ ገደማ ነበሩ። የጉበት ኢንዛይሞች፣ በጾም የተለካ የደም ስኳርና ትራይግሊሰራይድም ወርደዋል። ሁለተኛው በ90 ሕሙማን ላይ፣ በቀን 1.6 ግራም ዱቄት ለ12 ሳምንታት የተሠራ ሲሆን ውጤቱ በዚያው አቅጣጫ ነው።

መጠኑን በወጥ ቤት መለኪያ ላስቀምጠው። የነጭ ሽንኩርት ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውኃ ስለሆነ፣ 1.6 ግራም ደረቅ ዱቄት በግምት አራት ግራም ያህል እርጥቡን፣ ማለትም አንዲት መካከለኛ ፍሬ ማለት ነው። 800 ሚሊግራሙ የዚያ ግማሽ ነው። በባዶ ሆድ ግማሽ ራስ የሚያላምጡ ሰዎች የሚበሉት የትኛውም ሙከራ ካልሞከረው መጠን ነው።

ሙከራዎቹን አከብራለሁ፤ በዕጣ የተደለደሉ፣ ፕላሴቦ ያላቸው ናቸው። ሆኖም ሦስት ነገሮች ያሳስቡኛል። የመጀመሪያው መለኪያው ነው። ስቡ የተገመተው በአልትራሳውንድ ሲሆን፣ ይህ መሣሪያ አነስተኛ ስብን በደንብ አያይም፤ «መለስተኛ» እና «መካከለኛ» የሚለውም በተመልካቹ ዓይን ይወሰናል። ሁለተኛው የነጭ ሽንኩርት የቆየ ፈተና ነው፤ ሽታው። ክኒኑ በሽፋን ቢጠቀለልም ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ይመሰክራል። የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ የገመተ ሰው ደግሞ አመጋገቡንም ሊያስተካክል ይችላል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ነጭ ሽንኩርት የወሰዱት ሰዎች ክብደታቸውም ቀንሷል። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁን ቁጥር አስታውሱ፤ ክብደት ከቀነሰ ትልቁ የስብ ምንጭ ይደርቃልና ጉበቱ የሚሻሻለው ነጭ ሽንኩርት ጉበት ውስጥ አንድ ሥራ ስለሠራ ነው ወይስ ሰውየው ስለከሳ? ተመራማሪዎቹ የክብደቱን ለውጥ በስሌት አስተካክለው ልዩነቱ እንደጸና ጽፈዋል። ነገር ግን ከዕጣው በኋላ የመጣን ለውጥ በስሌት መንቀል የዕጣውን ንጽሕና ይነካል፤ የስታቲስቲክስ መምህራን እዚህ ስላላችሁ በጥያቄው ሰዓት ብትሞግቱኝ ደስ ይለኛል። በእንስሳት ላይ የተሠሩ ጥናቶች ነጭ ሽንኩርት ጉበት ስብ የሚሠራበትን መንገድ እንደሚያዳክምና ሲ.ዋይ.ፒ. 2ኢ1 የተባለውን፣ ጉዳት አድራሽ ኦክስጂን የሚያመነጭ ኢንዛይም እንደሚገታ ያሳያሉ። እውነት ቢሆን እንኳ የሚነካው በዋናነት የ26 በመቶውን ምንጭ ነው። ግማሹን ሕመምተኛ በ15 ሳምንታት ለማሻሻል ይህ ብቻውን በቂ መስሎ አይታየኝም።

ከቻይናዋ ቲያንጂን ከተማ የመጣ አንድ ትልቅ የሕዝብ ጥናትም አለ፤ 24,166 አዋቂዎችን የተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ደጋግመው የሚበሉ ወንዶች ላይ የሰባ ጉበት አነስ ብሎ ተገኝቷል፤ ሴቶች ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ጥናቱ የምልከታ ስለሆነ ብዙ አልቆምበትም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ማስታወስ ግድ ይላል፤ ይህ መንገድ ከዚህ በፊት ተሄዶበታልና። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርት ኮሌስትሮልን ከመቶ ዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት እንደሚቀንስ ትንንሽ ሙከራዎችን ያጠቃለሉ ጽሑፎች ዘገቡ። ክኒኖቹ በገበያ ላይ ጎረፉ። ከዚያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ ክርክሩን ለመቋጨት ተነሡ። 192 ሰዎችን በአራት ከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በሳንድዊች፣ ሁለተኛው የዱቄት ክኒን፣ ሦስተኛው ለረጅም ጊዜ የተዘፈዘፈ ጭማቂ፣ አራተኛው ፕላሴቦ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለስድስት ወራት፣ በቀን አንዲት ፍሬ ያህል። የጥሬውንና የክኒኖቹን ኬሚስትሪ ሳይቀር በላቦራቶሪ ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ውጤት ከሦስቱ አንዱም መጥፎውን ኮሌስትሮል እንዳልቀነሰ አሳየ።

ከዚህ ተነሥቼ የጉበቱ ነገርም በዚያው ይጠናቀቃል አልልም፤ ጉበት ሌላ አካል ነው። የምለው፣ ለጉበት ያለን ማስረጃ ዛሬ የሚገኘው የኮሌስትሮሉ ማስረጃ በ1990ዎቹ በነበረበት ቦታ ነው። የጉበቱ «ስታንፎርድ» ገና አልተሠራም። ከእናንተ ተማሪዎች አንዱ ሊሠራው ቢነሣ፣ ጥሬውንና የበሰለውን የሚያነጻጽር፣ ስቡን በኤም.አር.አይ. የሚለካ፣ ክብደቱ በሁለቱም ቡድን እንዳይለወጥ የሚቆጣጠር ሙከራ ይሁንልን።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? አንዲት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ማንን ጎድታ! እውነት ነው፤ ጉዳቱ ከፍሬዋ አይመጣም። የሰባ ጉበት ያለበት ሰው ዕጣ ፈንታው የሚወሰነው በስቡ ብዛት ሳይሆን ጉበቱ ላይ በተሠራው ጠባሳ ነው። ሕሙማንን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ሞትን የሚተነብየው የጠባሳው ደረጃ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ጠባሳ ደግሞ አያምም፤ ኢንዛይሞቹም «ልክ» ሆነው ሊቀጥል ይችላል። ከጠቀስኋቸው የነጭ ሽንኩርት ሙከራዎች አንዱም በሥጋ ናሙና ጠባሳ እንደቀነሰ አላሳየም፤ በ12 ወይም በ15 ሳምንታትም ሊያሳይ አይችልም። እንግዲህ አንድ ሰው ለሦስት ወር ነጭ ሽንኩርት በልቶ፣ አልትራሳውንድ ተነሥቶ፣ «ስቡ ቀንሷል» ተብሎ ክትትሉን ቢያቆም፣ ያልተለካው ነገር ይከተለዋል።

ጠባሳውን ለመገመት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ፊብ-4 የሚባል ስሌት በየትኛውም መለስተኛ ላቦራቶሪ ከሚገኙ አራት ቁጥሮች ይሠራል። ዕድሜን በኤ.ኤስ.ቲ. አባዙ፤ ውጤቱን የፕሌትሌት ቁጥር በኤ.ኤል.ቲ. ስኩዌር ሩት ሲባዛ ለሚገኘው አካፍሉ። ለምሳሌ ዕድሜው 50፣ ኤ.ኤስ.ቲ. 40፣ ኤ.ኤል.ቲ. 36፣ ፕሌትሌት 200 የሆነ ሰው ብናስብ፣ ሁለት ሺሕን ለአንድ ሺሕ ሁለት መቶ እናካፍላለን፤ 1.67 ይመጣል። ከ1.3 በታች ቢሆን ከፍተኛ ጠባሳ የለም ብለን እንጽናና ነበር፤ ይህ ሰው ግን ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሁለቱም ኢንዛይሞቹ በብዙ ላቦራቶሪዎች «ኖርማል» ተብለው የሚመለሱ መሆናቸውን ልብ በሉ። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች መነሻው 2.0 ነው፤ ዕድሜ ራሱ ቁጥሩን ስለሚያንረው። በአገራችን ደግሞ ከዚህ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይቅደም፤ ጉበት የሚጎዳው በስብ ብቻ አይደለምና።

ስለ ደኅንነት በአጭሩ። በወጥ ውስጥ ያለው መጠን አያሳስብም። በክኒን ወይም በብዛት በጥሬው የሚወስድ ሰው ግን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰደ ወይም ቀዶ ሕክምና ከቀረበው ለሐኪሙ ይንገር፤ ነጭ ሽንኩርት የፕሌትሌትን ሥራ ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት የነጭ ሽንኩርት ክኒን ሳኩዊናቪር የተባለውን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን መጠን በግማሽ ያህል አውርዶት ነበር። መድኃኒቱ ዛሬ ብዙም አይታዘዝም፤ ትምህርቱ ግን ለሌሎቹም ይሠራል።

ስለዚህ ሕመምተኛው «ልብላ ወይ?» ሲለኝ እንዲህ እመልስለታለሁ። ብላ፤ ቀጥቅጠህ ጥቂት ደቂቃ አሳርፈው፣ ከምግብህ ጋር ይሁን፣ ባዶ ሆድህን አታቃጥል። ከሻይህ ስኳሩን ቀንስ፤ ለስላሳ መጠጡን ተው። ክብደትህን በየወሩ ተመዘን። እነዚያን አራት ቁጥሮች ደግሞ ይዘህልኝ ና።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ከስታቲስቲክሱ ብንጀምር እመርጣለሁ።